ወተት ከገበታ ሲነሣ
በአዳሚ ቱሉና በአካባቢው አጥቢያዎች የጾም ማዕድን ስለ ማሟላት

በአዳሚ ቱሉ፣ በባቱ፣ በመቂና በዙሪያቸው ባሉት የስምጥ ሸለቆ አጥቢያዎች ከብት የሀብት መሠረት ነው፤ ወተትም ከብት ባለበት ቤት ሁሉ የዕለት ምግብ ነው። የጾም ወራት ሲገባ ግን የምእመናን ቤት ወተቱን፣ እርጎውን፣ አይቡንና ቅቤውን አሰናብቶ ሌላ ማዕድ ይዘረጋል። ይህም ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚሆን አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ይጾማል፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል፤ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ጾመ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ ጾመ ሐዋርያት እንደ ዓመቱ ይረዝማል፣ ያጥራል። ከበዓለ ኀምሳ በቀርም ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር የአንድ ምእመን ዓመት ግማሽ ያህሉ ያለ ወተት ያልፋል፤ በካህናትና በመነኮሳት ዘንድ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

በዘመናችን በሌላው ዓለም ከእንስሳት የሚገኘውን ምግብ ሁሉ የተዉ ሰዎች “ቪጋን” ይባላሉ። ይህን ስም የያዘው የመጀመሪያው ማኅበር በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው በ1944 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። እነዚህ ሰዎች ወተትን በምን እንተካ እያሉ ብዙ ሲመራመሩ፣ በያይነቱን የቀመሱት ሁሉ የኢትዮጵያን የጾም ማዕድ ማድነቃቸው አልቀረም። የእኛ እናቶች ጥያቄውን ከመቶ ዓመታት በፊት ተቀብለው መልሰውታልና። ነገር ግን መልሱ ሙሉ የሚሆነው ማዕዱ በሙሉ ሲዘረጋ ነው። ኑሮ ሲከብድ፣ ዝናብ ሲያጥር፣ እህሉም ለገበያ ሲወጣ ማዕዱ ይሳሳል። በዚያን ጊዜ የጾም ምግብ በቆሎና ሽሮ ብቻ ይሆናል፤ ከሥጋ ፍላጎት መራቅ የነበረውም ከአካል ጉዳት ጋር ይቀላቀላል።

ይህ ጽሑፍ የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት አባቶች ምእመናንን ሲያስተምሩና የልማት ሥራ ሲያቅዱ እንዲረዳቸው የተዘጋጀ ነው። የሚያስረዳውም በአጭሩ ይህ ነው፦ ወተት ከማዕድ ሲነሣ ይዞት የሚሄደው ምን እንደ ሆነ ለይተን ካወቅን፣ አብዛኛውን ከገዛ ማሳችን ልንተካው እንችላለን፤ ከቶ የማይተካውንና ከቶ ሊነሣበት የማይገባውን ሰውም እናውቃለን።

ወተት አራት ነገር ነው

ወተት ሲታይ አንድ ፈሳሽ ይመስላል፤ ለአካል የሚሰጠው ግን ብዙ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በአራት ከፍለን እንመልከተው።

የመጀመሪያው ሥጋን የሚገነባው ፕሮቲን ነው። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት፣ ማለትም ሩብ ሊትር ያህል፣ 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። ሁለተኛው አጥንትና ጥርስን የሚያጸናው ካልሲየም ነው፤ በዚያው ብርጭቆ ውስጥ 300 ሚሊ ግራም ያህል ይገኛል። የአንድ አዋቂ የቀን ፍላጎት 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ስለ ሆነ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ሲቀር የቀኑ ድርሻ ሲሶ ያህል ቀረ ማለት ነው። ሦስተኛው ኃይል የሚሰጠው ቅባት ነው። አራተኛው ደምንና ነርቭን የሚጠብቀው ቫይታሚን ቢ-12 ነው።

የጾም ምትክ ስንፈልግ የምንሳሳተው ብዙውን ጊዜ ከነዚህ አንዱን ተክተን አራቱንም የተካን ሲመስለን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በየተራው እንይ።

ነጭ የሆነ ሁሉ ወተት አይደለም

ወተትን በመልክ በጣም የሚመስለው የአገራችን የጾም ምግብ የሱፍ ጭማቂ ነው። ሱፉ ተለቅሞና ታጥቦ ይቀቀላል፤ ከዚያም ይወቀጣል ወይም ይፈጫል፤ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በጥሩ ወንፊት ወይም በነጠላ ይጠለላል። የሚወጣው ነጭና ወፈር ያለ ፈሳሽ በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በጨው ተቃኝቶ የሱፍ ፍትፍት ይሆናል። ኑግና ተልባም በዚሁ አገባብ ታምሰውና ተፈጭተው፣ ተበጥብጠው ይጠጣሉ፤ ወይም በእንጀራ ይፈተፈታሉ። የነዚህ ሁሉ ዋና ስጦታ ቅባት ነው። ኑግ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው፤ ተልባም ለልብና ለአእምሮ የሚጠቅም፣ በሌላ እህል እምብዛም የማይገኝ የቅባት ዓይነት አለው። እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ ለሚጾም ሰው ይህ ኃይል ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የሱፍ ጭማቂ ከወተት የሚገኘውን ያህል ካልሲየም አይሰጥም፤ ፕሮቲኑም ውኃ ሲበዛበት ይሳሳል። አዋቂ ሰው ከጥራጥሬና ከጎመን ጋር ቢመገበው ሙሉ ማዕድ ነው። “ወተት ይመስላል” ተብሎ ለሕፃን በወተት ፈንታ ቢሰጥ ግን የሕፃኑን ሆድ ይሞላል እንጂ አጥንቱን አይሠራም።

በፕሮቲን ረገድ ለወተት የቀረበው የአኩሪ አተር ወተት ነው። በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ቡና ቤቶች “የጾም ማኪያቶ” ተብሎ የሚቀርበው በዚሁ የሚዘጋጅ ነው። አኩሪ አተር በስምጥ ሸለቆ ብዙ አይመረትም፤ ዋና አምራቾቹ ምዕራባዊ የአገራችን ክፍሎች፣ እንደ ጅማ፣ ወለጋና መተከል ያሉት ናቸው። ቢሆንም በገበያ ስለሚገኝ ማንኛዋም እናት በቤቷ ልታዘጋጀው ትችላለች። አንድ ኩባያ አኩሪ አተር ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ውኃው ይደፋል፣ ገለባው በእጅ እየታሸ ይለቀቃል፤ ከዚያም ከስድስት እስከ ስምንት ኩባያ በሚሆን ውኃ ይፈጭና ይጠለላል። የተጠለለው ፈሳሽ እየተማሰለ ቢያንስ 20 ደቂቃ መፍላት አለበት። ማፍላቱ የግድ ነው፤ ጥሬ አኩሪ አተር ሆድን የሚያውክና ፕሮቲኑ በአካል እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለውና። የተዘጋጀው በዕለቱ ይጠጣል፤ ያለ ማቀዝቀዣ አያድርም። ደግሞም መታወቅ ያለበት፣ በፋብሪካ ካልሲየም ካልተጨመረበት በቀር የአኩሪ አተር ወተት የካልሲየም ይዘቱ ከላም ወተት በብዙ ያንሳል።

እርጎና አይብ ለሚናፍቀው ደግሞ ስልጆና እልበት አሉ። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ጭማቂ ተበስሎ፣ በሰናፍጭ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጤና አዳም ተቃኝቶ ለቀናት የሚብላላ ነው፤ ኮምጠጥ ያለው ጣዕሙ የእርጎን ቦታ ይይዛል። እልበት ከባቄላ ወይም ከምስር ዱቄትና ከአብሽ ተገንፍቶ፣ አረፋ እስኪያወጣ በእጅ የሚመታ ነው። ባቄላው ከአርሲ ደጋ ወደ ባቱና ወደ መቂ ገበያ ይወርዳል። ሁለቱም የጥራጥሬን ፕሮቲን ስለሚይዙ በመልክ ወተትን ከሚመስሉት ይልቅ በሥራ ለወተት የቀረቡ ናቸው። የሚያሳዝነው እነዚህን የሚያዘጋጁ እናቶች በብዙ ከተሞች ቁጥራቸው እየቀነሰ መሄዱ ነው።

በሱቅ የሚሸጠው የአትክልት ቅቤ የሚተካው ቅባቱን ብቻ ነው፤ ሲገዛም የተጻፈበትን ማንበብ ይገባል። አንዳንዱ የወተት ዱቄት ወይም የወተት አጓት ይቀላቀልበታልና ለጾም አይሆንም፤ አንዳንዱም በፋብሪካ እንዲረጋ በተደረገበት መንገድ ምክንያት ለልብ የማይስማማ ነው። የኑግ ዘይት ባለበት ቤት ግን የአትክልት ቅቤ የግድ አያስፈልግም።

ሥጋን የሚገነባው፦ የማሳችን ቦሎቄ

አዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ፣ ዱግዳ፣ ቦራና ቦሰት የቦሎቄ አገር ናቸው። በአዳማ አቅራቢያ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለብዙ ዓመታት ለቆላና ለወይና ደጋ የሚስማሙ የቦሎቄ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል፤ “አዋሽ 1” እና “ናስር” የተባሉት ከነዚህ መካከል ናቸው። ነጩ ቦሎቄ ግን በዋናነት የውጭ ገበያ እህል ሆኖ ቆይቷል። በባሕር ማዶ በቆርቆሮ ታሽጎ ለቁርስ ይበላል፤ ያመረተው ገበሬ ቤት ግን በዚያው ወር የበቆሎ ቂጣ በበርበሬ ይበላ ይሆናል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። ከ100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ 22 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል። ስለዚህ አንድ እፍኝ ደረቅ ቦሎቄ፣ 40 ግራም ያህል የሚመዝነው፣ በፕሮቲን ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር ይስተካከላል። ሽንብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላም በዚሁ መጠን አካባቢ ናቸው። ከአድዓ የሚመጣው ሽንብራ በሽሮ፣ በቡጢቻና በሽንብራ ዓሣ መልክ ሲቀርብ እንቁላልንና ሥጋን ጭምር ያስረሳል።

ጥራጥሬና እህል አብረው ሲበሉ እርስ በርሳቸው ይሟላሉ። በቆሎና ጤፍ የጎደላቸውን የፕሮቲን ክፍል ቦሎቄና ሽንብራ ይዘውታል፤ ጥራጥሬው የጎደለውንም እህሉ ያሟላዋል። በአካባቢያችን የተለመደው የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ እንግዲህ የድኻ ምግብ ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ጥበብ ያለበት ማዕድ ነው። ለገንፎም ሆነ ለቂጣ ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ማስፈጨት ቀላልና የታወቀ መለኪያ ነው። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የመረጡት ማዕድ ጥራጥሬና ውኃ እንደ ነበር ለሚያስተምሩ ካህናት፣ ይህ ትምህርት ከመጽሐፍ ወደ ማጀት የሚገባበት በር ነው።

በአዘገጃጀት ረገድ ሦስት ነገሮች ይታወሱ። አንደኛ፣ ቦሎቄ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ማደር አለበት፤ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋል፤ ይህም ሆድ እንዳይነፋ፣ ማገዶም እንዳያልቅ ይረዳል። ሁለተኛ፣ ቀይ ቦሎቄ በሚገባ ሳይንተከተክ ቢበላ ማስታወክና ተቅማጥ ያስከትላል፤ በደንብ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል መንተክተክ፣ ከዚያም እስኪለሰልስ መቀቀል አለበት። ሦስተኛ፣ ጓያ ርካሽ ስለ ሆነ በሽሮ ውስጥ እየተቀላቀለ ይሸጣል። ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ እግርን ሽባ የሚያደርግ የማይድን ሕመም ያመጣል፤ ጉዳቱም በብዛት የሚታየው በድርቅ ዘመን ሌላ እህል በጠፋበት ጊዜ ነው። የጾም ሽሮ የሚገዛ ማኅበርም ሆነ ቤተሰብ እህሉን አይቶ፣ አስፈጭቶ ቢገዛ ይመረጣል።

አጥንትን የሚያጸናው፦ ጎመን፣ ጤፍና ዳጉሳ

በስምጥ ሸለቆ ወተት ሲነሣ ትልቁ ጉድለት የሚታየው በካልሲየም ላይ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት እህሉ ነው። ከ100 ግራም ጤፍ 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል። በቀን 300 ግራም ጤፍ የሚመገብ ሰው ከእንጀራው ብቻ 540 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከቀኑ ፍላጎት ግማሽ የሚያልፍ ያገኛል። በቆሎ ግን በ100 ግራም 10 ሚሊ ግራም እንኳ የለውም። በአዳሚ ቱሉ ብዙው ቤት በበቆሎ የሚተዳደር ስለ ሆነ፣ በቢሾፍቱ ዙሪያ ጤፍ የሚበላው ምእመን በጾም የማይሰማው ጉድለት እዚህ ይሰማል። ጤፍ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ዳጉሳ ጥሩ አማራጭ ነው፤ በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለው፤ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎም ለእንጀራ፣ ለቂጣና ለገንፎ ይሆናል። ሊጡ በእርሾ መብላላቱም በእህሉ ውስጥ ካልሲየምንና ብረትን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚፈታው፣ ከተቦካ እንጀራ የሚገኘው ጥቅም ካልቦካ ቂጣ ይበልጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ውኃው ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች የፍሎራይድ መጠናቸው ከፍተኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በብዙ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። የጥርስ መበለዝና የአጥንት መጉበጥ የሚያመጣውም ይኸው ነው። በምግብ ካልሲየም የጎደለው አካል ለፍሎራይድ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ውኃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ይጎላል። ስለዚህ ለሰዓታት የሚፈላው የቦሎቄ ድስት ከዝናብ በተጠራቀመ ወይም ተመርምሮ ደኅና በተባለ ውኃ ቢቀቀል መልካም ነው።

በቅጠላ ቅጠል ረገድ መለየት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሐበሻ ጎመን ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ አካልም በቀላሉ ይቀበለዋል፤ ከጎመን ዓይነቶች የሚወሰደው ድርሻ ከወተት ከሚወሰደው አያንስም። ቆስጣ ግን መልኩ ቢያምርም ካልሲየሙን አጥብቆ የሚይዝ አሲድ ስላለው ወደ አካል የሚደርሰው ጥቂት ነው። ለብረትና ለሌሎች ቫይታሚኖች ቆስጣም ይበላ፤ ለአጥንት ሲባል ግን ጎመን ይቅደም። በባቱና በመቂ በመስኖ የሚለሙት ሽንኩርትና ቲማቲም ለገበያ ሲውሉ፣ ከቦዩ ዳር አንድ መደብ ጎመን መትከል የቤተሰብን አጥንት መጠበቅ ነው። በኮንሶና በጋሞ ለዘመናት የዕለት ምግብ ሆኖ የኖረው ሽፈራውም ሙቀትንና ድርቅን ስለሚችል ለአካባቢያችን ይስማማል፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይሠራል።

ሰሊጥም በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው በገለባው ውስጥ ስለሚገኝና አካል በሙሉ ስለማይቀበለው፣ ተጨማሪ እንጂ ዋና ምንጭ ተደርጎ አይታሰብ።

አንድ ቃል ስለ ብረትም እንጨምር። በጥራጥሬና በቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት አካል በተሻለ የሚቀበለው ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ አብሮ ሲበላ ነው። ቡናና ሻይ ግን ያንን ብረት ይከለክላሉ። ቡናው አይቅር፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠጣ።

ከዕፅዋት የማይገኘው

እስካሁን የተዘረዘሩት ሦስቱ፣ ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ቅባት፣ ከምድር ፍሬ ተተክተዋል። አራተኛው፣ ቫይታሚን ቢ-12፣ በዕፅዋት ውስጥ አይገኝም፤ ስልጆም ሆነ ሌላ የተብላላ የእህል ምግብ አስተማማኝ ምንጩ አይደለም። ጤነኛ አዋቂ ሰው ይህን ቫይታሚን በጉበቱ ለዓመታት ስለሚያከማች፣ በፍስክ ወራት ወተት፣ እንቁላል ወይም ሥጋ የሚያገኝ ምእመን በጾም አይጎዳም። ጾምና ፍስክ እየተፈራረቁ የሚሄዱበት የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በዚህ ረገድ ለሥጋም የተመጠነ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ግን አሉ። በፍስክ ወራት እንኳ ከድህነት የተነሣ የእንስሳት ምግብ የማያገኙ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አረጋውያን፣ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ብቻ የሚመገቡ መነኮሳትና መነኮሳይያት፣ እንዲሁም የሚያጠቡ እናቶች ናቸው። የማያቋርጥ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የመርሳት ብዛትና የመልክ መገርጣት ሲታይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ሕክምናው በመርፌ ወይም በክኒን የሚሰጥ ሲሆን፣ ቶሎ ከተጀመረ ጉዳቱ ይመለሳል፤ ከዘገየ ግን የነርቭ ጉዳቱ ሊቀር ይችላል።

ወተት ሊነሣባቸው የማይገባቸው

ጾምን የሚደነግገው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ነው፤ የሊቃውንት ትምህርትም የታወቀ ነው፦ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕመምተኛም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ጾማቸው ይቀልላቸዋል። ይህ በመጽሐፍ ያለ ነገር ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

አንድ ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከእናቱ ጡት በተጨማሪ ሌላ ምግብ ያስፈልገዋል። እስከ ሁለት ዓመት ያለው ጊዜ አካልና አእምሮ በፍጥነት የሚገነቡበት ስለ ሆነ፣ በዚያ ዕድሜ የደረሰ መቀንጨር ኋላ በምግብ ብዛት አይካስም። ይሁንና ጾም በገባበት ቤት እናቲቱ ለሕፃኑ ወተት ማፍላት ወይም እንቁላል መቀቀል ትፈራለች። ፍርሃቷ ሕፃኑ እንዳይገድፍ አይደለም፤ ድስቱና ማንኪያው ነክቶ ቤተሰቡን እንዳያስገድፍ ነው። ጎረቤትም “በጾም ወተት ትፈላለች” ይላል። ስለዚህ ማንም ሳይከለክለው ሕፃኑ ከአዋቂዎቹ ጋር 55 ቀን ይጾማል። አዋቂው በጉበቱ ያከማቸው የቢ-12 ስንቅ አለው፤ የሕፃኑ ግን ጥቂት ነው። አዋቂው አንድ ትሪ ቦሎቄ በልቶ ይጠግባል፤ የሕፃኑ ሆድ ግን የጡጫው ያህል ነው።

በዚሁ ወራት ሌላ ነገር እንመልከት። በጾም ጊዜ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል። ላም ያለው ገበሬም ሆነ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ገዢ አጥቶ ይቸገራል፤ ወተቱም ተንጦ ቅቤ ካልሆነ ይበላሻል። በአንድ ሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ግቢ፣ በአንድ በኩል ወተት ገዢ ያጣል፣ በሌላ በኩል ሕፃን ወተት ያጣል። ይህን የሚያገናኘው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የካህን አንድ ቃል ነው። የንስሐ አባት “ለሕፃንሽ ወተት አፍይለት፤ ድስቱን ለይው፤ አንቺም ጾምሽን ጹሚ” ካላት፣ ጎረቤትም ዝም ይላል፣ እናቲቱም ታርፋለች።

ሰበካ ጉባኤያት ሊያደርጓቸው ስለሚችሏቸው

ከላይ የተጻፈው ወደ ሥራ እንዲገባ፣ በየአጥቢያው አቅም ሊሞከሩ የሚችሉ ጉዳዮችን እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ነቢያት ከመግባታቸው በፊት ባለው ሰንበት፣ ስለ ሕፃናት፣ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለሚያጠቡ እናቶች በዐውደ ምሕረት ግልጽ ትምህርት ይሰጥ። የንስሐ አባቶችም በቤት ለቤት ጉብኝታቸው ይህንኑ ይጠይቁ፦ “በዚህ ቤት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አለን? ምን ይበላል?”

ሁለተኛ፣ ለሕፃኑ የተለየች አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ እንዲኖር ይመከር። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ የእናቲቱን ፍርሃት ግን ሙሉ በሙሉ ታስወግዳለች። ለክርስትና የሚሰጡ ስጦታዎች መካከል ይህች ድስት ብትካተት መልካም ልማድ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በመኸር ጊዜ ቦሎቄ ሁሉ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ለቤት የሚሆነው እንዲቀር ይመከር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለአንድ አዋቂ በቀን 50 ግራም ቢታሰብ፣ ለዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከሦስት ኪሎ ግራም በታች ይበቃል። አምስት አዋቂ ላለው ቤተሰብ 14 ኪሎ ግራም ያህል ማለት ነው። ይህን ከመሸጥ የሚገኘው ገንዘብ በኋላ ከሱቅ ከሚገዛው ምስር ጋር ሲነጻጸር ምርጫው ግልጽ ይሆናል።

አራተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውኃ ባለበት ሁሉ የጎመን መደብና ጥቂት የሽፈራው ተክሎች ይኑሩት። ለአብነት ተማሪዎች፣ ለአረጋውያንና ለነዳያን የሚቀርበው ምግብ በዚህ ይታገዛል። የአብነት ተማሪ ከየቤቱ የሚለምነው ደረቅ እንጀራ ነው፤ ወጡ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሊወጣ ይችላል።

አምስተኛ፣ በጾም ወራት የሚዘከሩ የማኅበርና የሰንበቴ ዝክሮች ስልጆን፣ እልበትንና የሱፍ ፍትፍትን እንዲያቀርቡ፣ ሙያውን የሚያውቁ እናቶችም ለወጣቶች እንዲያሳዩ ይደረግ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከመዝሙር ጎን ይህንንም ቢማሩ ሙያው አይጠፋም።

ስድስተኛ፣ በአካባቢው የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ ሰበካ ጉባኤው ይነጋገረው። በጾም ወራት ዋጋው የወረደው ወተት ለችግረኛ ቤተሰብ ሕፃናት የሚደርስበት መንገድ ሊበጅ ይችላል። ወጪው በጾም ከቀረው የምሳ ዋጋ ቢሸፈን፣ ጾምና ምጽዋት በአንድ ብርጭቆ ተገናኙ ማለት ነው። ወተቱ ግን ተፈልቶ እንጂ ጥሬውን እንዳይሰጥ ጥንቃቄ ይደረግ።

ሰባተኛ፣ የአጥቢያው የመጠጥ ውኃ ፍሎራይድ ተመርምሮ እንደ ሆነ ከወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ፤ ያልተመረመረ ከሆነ እንዲመረመር ማመልከቻ ይቅረብ።

ጾም የነፍስ መድኃኒት እንደ ሆነ ሁሉ፣ በማስተዋል ሲጾም ለሥጋም ዕረፍት ነው። አባቶቻችን ያወረሱን ማዕድ በቦሎቄው፣ በጎመኑ፣ በሱፉና በስልጆው ሙሉ ነው፤ ከእኛ የሚፈለገው ሙሉውን መዘርጋትና፣ ሕግ ያልጠየቀውን ጾም በሕፃናት ላይ አለመጫን ነው። ለመጪው ጾም የሚደረገው ዝግጅት የሚጀመረው ዛሬ ነው፤ ቦሎቄው ገና ከጎተራ ሳይወጣ፣ የጎመኑም ዘር ገና ከመሬት ሳይገባ።